የዋጋ ደንብን በሽያጭ ሶፍትዌር ላይ ማውጣትና ማስተካከል፦ የሀዋሳ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

ይህ ገጽ ሀዋሳ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ፣ የጽሕፈት ዕቃ፣ የመዋቢያና የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ለሚያስተዳድሩ፣ እንዲሁም ለሆቴል ሒሳብ ክፍሎች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ ሶፍትዌሩ ሲተከልና ከተተከለ በኋላ ባሉት ወራት ከባለቤቶች፣ ከሒሳብ ሠራተኞችና ከገንዘብ ተቀባዮች የሚነሡ ናቸው። የአዝራሮቹ ስም ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ይለያያል፤ አሠራሩ ግን ይቀራረባል። ልዩነቱ ኪሳራ ሊያመጣ በሚችልበት ቦታ ላይ የሶፍትዌሩን ስም ጠርተናል።

የዕቃው ዋጋ ሲስተሙ ላይ ተመዝግቧል። የዋጋ ደንብ ደግሞ ለምን ያስፈልገኛል?

ለሁሉም ደንበኛ፣ በማንኛውም ብዛት፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ የሚሸጡ ከሆነ አያስፈልግዎትም። እንዲህ የሚሸጥ መደብር ግን ብዙ አናውቅም። ከይርጋለም መጥቶ በካርቶን የሚጭነው ቸርቻሪ፣ ጥቁር ውሃ አካባቢ ሕንፃ የሚሠራው ተቋራጭና ለቤቱ አንድ አምፖል ፈልጎ ብቅ ያለው ጎረቤት በአንድ ዋጋ አይስተናገዱም። ይህ ልዩነት በአብዛኛው ተቀምጦ የሚገኘው በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ለቅሶ ላይ በዋሉበት ዕለት ገንዘብ ተቀባይዋ ወይ ለሁሉም በችርቻሮ ዋጋ ትሸጣለች፣ ወይ በየአሥር ደቂቃው ትደውላለች።

የዋጋ ደንብ ማለት ያንን ውሳኔ በጽሑፍ ማስፈር ነው። ማን፣ የትኛውን ዕቃ፣ ከስንት ብዛት ጀምሮ፣ ከመቼ እስከ መቼ ቢገዛ ዋጋው ምን ይሆናል? መልሱ ቁርጥ ያለ ዋጋ፣ ወይም ከመደበኛው ዋጋ ላይ በመቶኛ የሚቀነስ፣ ወይም በመግዣ ዋጋ ላይ የሚጨመር ትርፍ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ ከዚህ ያለፈ ጥበብ የለውም። እርስዎ ያልወሰኑትን እሱ አይወስንልዎትም።

ከየት ልጀምር?

ከወረቀት። ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ያለፈውን ወር ደረሰኞች ያውጡ፤ ብዙ የሚሸጡ ዕቃዎችን ይምረጡና እያንዳንዳቸው በተጨባጭ በስንት በስንት እንደተሸጡ ይጻፉ። አንድ ጋሎን ቀለም በአንድ ሳምንት ውስጥ በአራት ዋጋ ተሸጦ ቢያገኙት አይደንግጡ። ምክንያት ያለው ዋጋ ደንብ ይሆናል፤ ምክንያቱን ማንም የማያስታውሰው ይሰረዛል። ይህ ሥራ ያለ ገንዘብ ተቀባይዋ አይሠራም። ማን ቅናሽ እንደሚጠይቅ፣ ማን ሲጠይቅ እንደሚሰጠውና ማን ተቆጥቶ እንደሚወጣ ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ከዚያ ደንበኞችን በቡድን ይክፈሉ፦ ችርቻሮ፣ ጅምላ፣ ተቋራጭ። ለዘመድና ለወዳጅ የሚሰጥ ዋጋ ካለም እንደ አንድ ቡድን ስም ይሰጠው፤ ተደብቆ ከሚኖር ሪፖርት ላይ ቢታይ ይሻላል። ከአራት ቡድን በላይ እንዲሄዱ አንመክርም። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ አሁን ሴጅ 50 የሚባለው፣ ለአንድ ዕቃ እስከ 10 የሚደርስ የዋጋ ደረጃ ይፈቅዳል። አሥሩንም ሞልቶ ከመንፈቅ በኋላ ስድስተኛው ከሰባተኛው በምን እንደሚለይ የሚነግረን ባለሱቅ ግን እስካሁን አላገኘንም።

ትርፉን 25 በመቶ ብዬ አስገባሁ፤ ሪፖርቱ 20 በመቶ ይላል። ሶፍትዌሩ ተሳስቷል?

አልተሳሳተም። በ800 ብር በገዙት ዕቃ ላይ 25 በመቶ ሲጨምሩ 1,000 ብር ይሆናል። 200 ብሩ ከመግዣው አንጻር 25 በመቶ ነው፤ ከመሸጫው አንጻር ግን 20 በመቶ። ደንቡ ያሰላው በመግዣው ላይ ነው፣ የትርፍ ሪፖርቱ ደግሞ በመሸጫው ላይ። ከመሸጫው 25 በመቶ እንዲተርፍዎ ከፈለጉ 800ን ለ0.75 ያካፍሉ፤ 1,066 ብር ከ67 ሳንቲም ይመጣል። ይህም በመግዣው ላይ 33.33 በመቶ መጨመር ማለት ነው። ባለቤቱ በአንዱ፣ የሒሳብ ሠራተኛው በሌላው እያሰሉ ዓመቱን ሙሉ የሚጨቃጨቁባቸው መደብሮች አሉ። አንዱን ይምረጡና በደንቡ ስም ላይ «በመግዣ ላይ» ወይም «ከመሸጫ» ብለው ይጻፉት።

ለጅምላ 10 በመቶ፣ ለበዓል 5 በመቶ ቀንሻለሁ። ለምን 15 በመቶ አልሆነም?

ሁለተኛው ቅናሽ የሚሰላው ከመጀመሪያው በተረፈው ላይ ስለሆነ ነው። 1,000 ብር መጀመሪያ 900፣ ቀጥሎ 855 ይሆናል። 850 እንዲሆን ከፈለጉ 15 በመቶ የሚል አንድ ደንብ ያውጡ።

ደንቤ በመግዣ ዋጋ ላይ የተመሠረተ ነው። ሶፍትዌሩ የሚወስደው የትኛውን የመግዣ ዋጋ ነው?

ይህን ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው የሚጠይቀው መደርደሪያው ከተራቆተና ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ዕቃውን መልሶ አልገዛ ካለ በኋላ ነው።

መጋዘንዎ ውስጥ እያንዳንዳቸው በ600 ብር የተገዙ 40 የበር ቁልፎች አሉ እንበል። አዲስ 60 ቁልፎች በ750 ብር ገቡ። አማካይ የመግዣ ዋጋ የሚይዝ ሶፍትዌር 24,000ን ከ45,000 ደምሮ ለ100 ያካፍልና 690 ብር ይላል፤ 20 በመቶ ሲጨመርበት መሸጫው 828 ብር ይሆናል። የመጨረሻውን የግዢ ዋጋ የሚይዝ ሶፍትዌር ግን ከ750 ተነሥቶ 900 ብር ይላል። በአንድ ቁልፍ ላይ የ72 ብር ልዩነት አለ። ቀጣዩን ዕቃ በ750 የሚገዙ ከሆነ በ828 መሸጥ የሚያተርፍልዎ 78 ብር ብቻ ነው። 20 በመቶ ያሉት ትርፍ ወደ 10.4 በመቶ ወርዷል ማለት ነው፤ ሪፖርቱ ግን 20 በመቶ እንዳተረፉ መናገሩን ይቀጥላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ወቅት በአማካይ ላይ የተንጠለጠለ ደንብ አሮጌውን ዕቃ በአሮጌ ሒሳብ አሟጦ ይሸጥና ባለቤቱን ባዶ መጋዘን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ከውጭ ለሚገባና ዋጋው በፍጥነት ለሚለዋወጥ ዕቃ የመጨረሻውን የግዢ ዋጋ፣ ረግቶ ለሚቆይ የአገር ውስጥ ምርት ደግሞ አማካዩን እንመክራለን።

የመጨረሻው የግዢ ዋጋም የራሱ አደጋ አለው። የግዢ መዝጋቢው 750 ለማለት 75 ቢጽፍ መሸጫው በዚያው ቅጽበት 90 ብር ይሆናል፤ ገንዘብ ተቀባይዋም ማሽኑ ያለውን ትሸጣለች። መከላከያው ሁለት ነው፦ የግዢ ሰነድ በሌላ ሰው ሳይጸድቅ ወደ ዋጋ እንዳይተላለፍ ማድረግ፣ እና ለዕቃው የወለል ዋጋ፣ ማለትም ከዚያ በታች የማይሸጥበትን ዝቅተኛ ዋጋ፣ መስጠት። ኦዱ የሚባለውን ሶፍትዌር ለምትጠቀሙ፦ ደንቡ የሚያነበው የዕቃውን የወጪ ሳጥን ነው፤ ያ ሳጥን በአማካይ ይታደስ ወይስ በእጅ ይሞላ የሚወሰነው ደግሞ በዕቃው ምድብ ላይ ነው። ደንቡን ደጋግመው ቢያስተካክሉም ዋጋው አልንቀሳቀስ ካለ ምድቡን ይመልከቱ።

ዋጋውን ከቫት ጋር ላስገባ ወይስ ያለ ቫት?

ችርቻሮ ከሆነ ከቫት ጋር። ደንበኛው መደርደሪያው ላይ ያየውን ዋጋ ነው መክፈል የሚፈልገው። ለቫት ተመዝጋቢዎች በጅምላ የሚሸጡ ከሆነ ያለ ቫት ማስገባት ይቀላል፤ እነሱም የሚያወዳድሩት ያንኑ ነው። ሁለቱን በአንድ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ መቀላቀል ግን ከማንኛውም ነገር በላይ ሒሳብ ያበላሻል።

ከቫት ጋር ያለው ዋጋ 1,150 ብር ከሆነ፣ ቫቱ የ1,150 ብር 15 በመቶ አይደለም። 1,150 ለ1.15 ተካፍሎ 1,000 ብር ዋናው ዋጋ፣ 150 ብር ቫቱ ነው። በእጅ 15 በመቶ የሚቀንስ ሰው 172 ብር ከ50 ሳንቲም ያወጣና ዋናውን ዋጋ 977.50 አድርጎ ይመዘግባል። ቅናሽም እንዲሁ ነው፦ 10 በመቶ ሲቀንሱ ደንበኛው 1,035 ብር ይከፍላል፤ ከዚህ ውስጥ 900 የእርስዎ፣ 135 የመንግሥት ነው። ቅናሹ ሽያጩ ከመታተሙ በፊት በደንቡ ከተሰጠ ይህ በራሱ ይስተካከላል። ደረሰኙ በ1,150 ከወጣ በኋላ 115 ብር በእጅ ከመለሱ ግን ቫቱን በ150 ልክ ይከፍላሉ። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ሲወጣም መጣኔው 15 በመቶ ሆኖ ስለቀጠለ ስሌቱ አልተለወጠም።

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንዎ ከሶፍትዌሩ ጋር ካልተገናኘ ዋጋውን በሁለቱም ላይ መለወጥ የእርስዎ ሥራ ነው።

በብዛት ለሚገዛ የሚቀንስ ደንብ አወጣሁ። አሁን ደንበኞች የማይፈልጉትን ጭምር ይገዛሉ። ጥሩ አይደለም?

መጀመሪያ ያስሉት። ከ1 እስከ 9 ለሚገዛ 500 ብር፣ ከ10 ጀምሮ 440 ብር ብለው ከሆነ ዘጠኝ የሚገዛው 4,500 ብር ይከፍላል፣ አሥር የሚገዛው 4,400። አሥረኛውን ዕቃ በነፃ ሰጥተው 100 ብር መርቀውበታል። ወሰኑ ላይ ያለው ቅናሽ ከአንድ ዕቃ ዋጋ በላይ እንዳይሆን ደረጃዎቹን ያቀራርቡ፤ ለምሳሌ ከ5 ጀምሮ 480፣ ከ10 ጀምሮ 465፣ ከ25 ጀምሮ 450። ደረጃው ሲበዛ መስመሩ ይለሰልሳል፣ ጠያቂውም ይበዛል። ሦስት ይበቃል።

ሌላው ችግር መለኪያ ነው። ምስማር በኪሎም በካርቶንም ይሸጣል፤ እስክሪብቶ በፍሬም በባኮም። «10» ሲሉ አሥር ፍሬ ነው አሥር ባኮ? ኦዱ ዝቅተኛውን ብዛት የሚያነበው በዕቃው መሠረታዊ መለኪያ ነው። መሠረታዊው ፍሬ ከሆነና ባኮው 50 ፍሬ ከያዘ፣ ገና አንድ ባኮ ያነሣ ሰው የጅምላ ዋጋ ያገኛል።

አንድ ዓይነት ቀለም በሦስት መልክ፣ አራት አራት ጋሎን የሚገዛ ተቋራጭ «አሥራ ሁለት ገዛሁ» ማለቱ ተገቢ ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች ግን እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ቆጥረው አራት ብቻ ያያሉ። ኢአርፒኔክስት በሚባለው ሶፍትዌር ላይ የተለያዩ ዕቃዎችን ብዛት ደምሮ እንዲያይ የሚያደርግ ምርጫ ደንቡ ውስጥ አለ፤ ሳይነኩት ዝግ ነው።

ሁለት ደንቦች በአንድ ዕቃ ላይ ቢጋጩ የትኛው ያሸንፋል?

እዚህ ላይ ነው ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው የሚሰናከለው። ኦዱ ቅርብ የሆነውን ያስቀድማል፦ ለዚያው ዕቃ የተጻፈ ደንብ ለምድቡ ከተጻፈው ይቀድማል፣ ለምድቡ የተጻፈው ደግሞ ለሁሉም ዕቃ ከተጻፈው። ስለዚህ «በመደብሩ ሁሉ 10 በመቶ ቅናሽ» ብለው ባነር ከሰቀሉ በኋላ ለብቻቸው ዋጋ የተሰጣቸው ዕቃዎች ቅናሹን አያገኙም፤ ደንበኛው ካሳው ጋር ቆሞ ባነሩን ሲያሳይዎ ነው የሚያውቁት። ኢአርፒኔክስት ግን ከ1 እስከ 20 የቅድሚያ ቁጥር ይጠይቃል፣ የሚያሸንፈውም ትልቁ ቁጥር ነው። በተራ ቁጥር የሚሠሩ ሌሎች ሶፍትዌሮች ዘንድ ደግሞ 1 መጀመሪያ ይነበብና የቀረው አይታይም። የራስዎ ሶፍትዌር የትኛው እንደሆነ መመሪያ ከማንበብ ይልቅ በሙከራ ማወቅ ይፈጥናል፦ ለአንድ የማይሸጥ ዕቃ ሁለት የተጋጩ ደንቦች ያውጡ፣ የሽያጭ መስኮት ላይ ያስገቡት፣ የወጣውን ዋጋ ያንብቡ፣ ደንቦቹን ይሰርዙ።

ደንበኛ «የመጨረሻውን ንገሩኝ» ሲል ገንዘብ ተቀባይዋ ምን ታድርግ? ሶፍትዌር ባለበት ድርድር ይቀራል?

አይቀርም፤ እንዲቀርም አንጠብቅም። ሶፍትዌር የተከሉ ባለቤቶች በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠሩት ትልቁ ስሕተት ድርድርን ጨርሶ መዝጋት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገንዘብ ተቀባይዋ የባለቤቱን የይለፍ ቃል ይዛ እናገኛታለን።

የሚሻለው ለድርድሩ ወለል መስጠት ነው። ዕቃው 1,000 ብር ይሸጣል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ሳትጠይቅ እስከ 960 መውረድ ትችላለች፣ የሽያጭ ኃላፊው እስከ 920፣ ከዚያ በታች ባለቤቱ ብቻ። ብዙ ሶፍትዌሮች ይህንን በተጠቃሚ ደረጃ ይፈቅዳሉ፤ የማይፈቅድ ከሆነ ዝቅተኛ ትርፍ የሚል ገደብ ደንቡ ውስጥ ይፈልጉ። የወለሉን ዋጋ ገንዘብ ተቀባይዋ በስክሪኑ ላይ እንዳታየው የሚያደርጉ አሉ። እኛ ብታየው እንመርጣለን። የማታውቀውን ወለል መከላከል አትችልም፤ «ኮምፒውተሩ እምቢ አለ» የሚለው መልስም ደንበኛ ያስቀይማል።

ሳይዘነጋ፦ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ መለጠፍ ወይም ዕቃው ላይ ማድረግ አለበት። ደንብ በለወጡ ቁጥር የመደርደሪያውንም ወረቀት ይለውጡ።

ያለውን ደንብ ከፍቼ ቁጥሩን ብለውጠው ምን ችግር አለው?

ሶፍትዌሩ ዝም ይልዎታል፤ ችግሩም ይኸው ነው። የጅምላ ቅናሹን ከ8 ወደ 6 በመቶ ሲለውጡ 8 የሚለው ከዓለም ይጠፋል። ከሁለት ወር በኋላ አንድ የዲላ ደንበኛ «በሚያዝያ የወሰድኩት በሌላ ዋጋ ነበር» ብሎ ሲመጣ፣ ወይም ኦዲተር በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅናሽ ለምን እንደታየ ሲጠይቅ፣ የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። የድሮውን ደንብ አይንኩት፤ የማብቂያ ቀኑን ብቻ ይሙሉ። ከዚያ ያንኑ ይቅዱ፤ ማባዣ አዝራር የሌለው ሶፍትዌር ጥቂት ነው። በቅጂው ላይ አዲሱን መቶኛና ከድሮው ማብቂያ ቀጥሎ ያለውን ቀን መጀመሪያ አድርገው ያስገቡ። መሃል ላይ ቀን እንዳይዘልሉ ልብ ይበሉ፤ አሮጌው ዓርብ አብቅቶ አዲሱ እሑድ ከጀመረ ቅዳሜ፣ ያውም የገበያ ቀን፣ ጅምላው ሁሉ በችርቻሮ ዋጋ ይሸጣል። ቀኖቹ ከተደራረቡ ደግሞ ከላይ ወዳነሣነው ግጭት ይመለሳሉ።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። የዋጋ ጭማሪው ሳይታሰብ ሽያጩን ካቆመው፣ አዲሱን ዘግተው የድሮውን ቀን ማራዘም ሁለት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ቁጥሩን በላዩ ላይ የጻፉበት ሰው ግን የድሮውን ከማስታወስ መጀመር አለበት።

በላዩ ላይ መጻፍ የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ነው፦ ደንቡ ገና ሥራ ላይ ካልዋለና ስሕተቱን ዛሬውኑ ካገኙት።

ደንቡን ስለውጥ የድሮ ደረሰኞች ይለወጣሉ? ፕሮፎርማዎችስ?

የታተመ ደረሰኝ አይለወጥም። ፕሮፎርማ ግን ይለያያል። ኦዱ ላይ በጅምር ያለ የዋጋ ማቅረቢያ የተሠራበትን ዋጋ ይዞ ይቆያል፤ ዋጋ አድስ የሚለውን አዝራር ሲጫኑ ወይም የዕቃውን ብዛት ሲለውጡ ግን በአዲሱ ይሰላል። ያ አዝራር ሳያስቡት ከተጫነ ለመሥሪያ ቤቱ ያስገቡት ወረቀትና ሲስተምዎ ሁለት ዋጋ ይናገራሉ። መሥሪያ ቤቶች ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበው እስኪወስኑ ሳምንታት ስለሚያልፉ ወረቀቱ ላይ «ዋጋው የሚጸናው እስከዚህ ቀን ነው» የሚል መስመር ያስገቡ፤ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ ግን በጻፉት ዋጋ ይሽጡ። የማህተምዎ ክብር ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል።

የበዓል ዋጋ ቀኑን ጠብቆ በራሱ እንዲገባና እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ቀኑን ሲያስገቡ ግን በጥንቃቄ ይሁን። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የሚያውቁት የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል አያስቸግርም። መስከረም 1 ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ነው። የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። በየዓመቱ ይደገም ብለው የተዉት የእንቁጣጣሽ ደንብ ያኔ አንድ ቀን ይቀድማል።

ፋሲካ፣ ዒድና ፍቼ ጫምባላላ ደግሞ ጭራሽ በራስ ለሚደገም ደንብ አይመቹም። የፍቼን ቀን በየዓመቱ ከዋክብትን ተመልክተው የሚያሳውቁት አያንቱዎች፣ የሲዳማ የከዋክብት አዋቂዎች፣ ናቸው። ደንቡን ያለ ቀን አዘጋጅተው፣ ሳይሠራ ያስቀምጡት፤ ቀኑ ሲታወቅ ሞልተው ያብሩት። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ሆቴሎች የክፍል ዋጋቸውን በዚህ መንገድ ቢያዘጋጁ ይጠቅማቸዋል። ቀኑ የሚጀምረው ከዋዜማው ሌሊት መሆኑን አይርሱ።

ሰዓትም አለ። ሶፍትዌሩ በኢንተርኔት የሚሠራና ሰዓቱ ወደ ኢትዮጵያ ያልተስተካከለ ከሆነ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምር ያሉት ደንብ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል። ለሕንፃ መሣሪያ መደብር ምንም አይደለም። ሌሊት ለሚሠራ ምግብ ቤት ግን የሦስት ሰዓት ሽያጭ ነው።

ሆቴል ነን። የአገልግሎት ክፍያውንና ቫቱን ደንቡ ውስጥ እንጨምር?

አይጨምሩ። ሁለቱም በግብር ማስተካከያው ቦታ ይቀመጡ፣ ደንቡ የክፍሉን ዋጋ ብቻ ይያዝ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ 1,000 ብር፣ 10 በመቶ አገልግሎት ሲታከል 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 1,265። ጠቅላላ ጭማሪው 25 ሳይሆን 26.5 በመቶ ነው።

ብዙ ዕቃ ስላለን ዋጋውን በኤክሴል አስተካክለን ብናስገባስ?

ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አደገኛም ነው። መጀመሪያ ከሶፍትዌሩ ያወጡትን ፋይል ሳይነኩ ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ የዕቃ መለያው ዓምድ ላይ ያፍጥጡ፦ 00125 የነበረው ኤክሴል ሲከፍተው 125 ይሆናል፤ ባለ 13 አኃዝ ባርኮድም አጥሮ በነጥብና በፊደል ይጻፋል። እንዲህ የተበላሸ ፋይል መልሰው ሲያስገቡ ሶፍትዌሩ 125ን አያውቀውም፤ ከዕድለኞቹ ከሆኑ ስሕተት ይላል፣ ካልሆኑ አዲስ ዕቃ ይከፍታል። ዓምዱን ቀድመው ወደ ጽሑፍ ይለውጡ። መለያ ቁጥር የሚለውን ዓምድም «አያስፈልግም» ብለው አይሰርዙ፤ ሶፍትዌሩ የቱን ደንብ እንደሚያስተካክል የሚያውቀው በእሱ ነው።

ሁሉንም ከማስገባትዎ በፊት አምስት መስመር ብቻ ያስገቡና ይመልከቱ።

ቢሮ ሆኜ ዋጋውን ለውጫለሁ፤ ታች ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ግን አሁንም በድሮው ትሸጣለች።

የሽያጭ መስኮቱ ሲከፈት የዋጋ ዝርዝሩን ወደ ራሱ ገልብጦ ይይዛል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥም መሸጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ዘግታ ትክፈተው። ዋጋ የሚለወጠው ሱቁ ከመከፈቱ በፊት፣ ጠዋት ቢሆን ይህ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር።

ሻሸመኔና ዲላ ቅርንጫፍ አለን። ለእያንዳንዳቸው የዋጋ ዝርዝር ልሥራ?

ከባዶ አይሥሩ። የሀዋሳውን መሠረት አድርገው የመጓጓዣውን ብቻ የሚጨምር ደንብ ያውጡ፤ ሀዋሳ ሲለወጥ ሌሎቹ ተከትለው ይለወጣሉ። ለሲሚንቶና ለአርማታ ብረት በመቶኛ ሳይሆን በኩንታል ወይም በዘንግ የተወሰነ ብር ይጨምሩ፤ የጭነት መኪና የሚያስከፍለው በክብደት ነው እንጂ በዕቃው ዋጋ አይደለም።

ደንብ የመለወጥ ሥልጣን ለማን ይሰጥ?

ለሁለት ሰው። ለአንድ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ሲታመም ሥራ ይቆማል፤ ለሦስት ከሆነ ማን እንደለወጠው አይታወቅም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው መግቢያ ይኑራቸው። የይለፍ ቃል መጋራት በዘመድ መካከልም ቢሆን አይመከርም፣ በተለይም በዘመድ መካከል፤ አንድ ቀን ዋጋ ያለ አግባብ ወርዶ ቢገኝ ሁሉም ይጠረጠራል፣ መዝገቡም ማንንም ነፃ አያወጣም።

ባለሙያው ተክሎ ሄደ። ደንቦቹ «ደንብ 1»፣ «አዲስ ደንብ»፣ «አዲስ ደንብ 2» ይላሉ። ከየት ልያዛቸው?

ሁሉንም በወረቀት ያትሙና ባለፈው ወር ያልሠሩትን ለዩ፤ አይሰርዟቸው፣ ያጥፏቸው። ለቀሩት ስም ይስጡ፦ ለማን፣ ምን፣ ስንት፣ ከመቼ። «ጅምላ፣ ቀለም፣ 6 በመቶ፣ ከግንቦት 2017» ብሎ የተጻፈን ደንብ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛም ያነብበዋል። ማስታወሻ የሚል ሳጥን ካለ ማን እንዳዘዘውና ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፉበት፤ «ጭማሪው የመጣው አቅራቢው ዋጋ ስለጨመረ ነው» ዓይነት። አቅራቢው ዋጋውን መልሶ ሲቀንስ የትኛውን ደንብ መክፈት እንዳለብዎ የሚያገኙት እዚያ ነው።